ከእናቱ ወገን ማን ደማ?

ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ጸሐፊው የፈጠራቸው ናቸው። አንዱ ዕድሜያቸውን በኢሉባቦር ጤና ጣቢያዎች የጨረሱ ጡረተኛ ድሬሰር፣ ሌላዋ መቱ ውስጥ የምትሠራ ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። በስም የሚጠሯቸው ሰዎችና ምርምሮች ግን እውነተኛ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድሬሰሩ፦ እኔ ከጎሬ እስከ ቡሬ፣ ከዓሌ እስከ ሁሩሙ በበቅሎም በእግሬም ዞሬያለሁ። ወባ ጽፌያለሁ፣ ታይፎይድ ጽፌያለሁ፣ በእባብ የተነደፈ ጽፌያለሁ። ይኼን እናንተ ሄሞፊሊያ የምትሉትን ግን አንድ ቀን እንኳ መዝገብ ላይ አስፍሬው አላውቅም። ከየት የመጣ በሽታ ነው?

ባለሙያዋ፦ ከየትም አልመጣም ጋሼ፤ እዚሁ ነበረ። እርስዎ በሌላ ስም ጽፈውት ነው። እስቲ ልጠይቅዎት፤ ተገርዞ ደሙ አልቆም ያለ ሕፃን አላጋጠመዎትም?

ድሬሰሩ፦ ምን ነክቶሽ፣ አጋጥሞኛል እንጂ። ቡና ዱቄት ይነሰንሱበታል፣ በጨርቅ ጠምጥመው ያሳድሩታል፣ ሲነጋ ጨርቁ ርሶ ሌላ ይደረብበታል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ከንፈሩ ነጥቷል። የምጽፈው «ከግዝረት በኋላ መድማት» ብዬ ነው። የሚወቀሰው ገራዡ ነው፤ ከሰው ሸሽቶ መንደር የቀየረም አይቻለሁ።

ባለሙያዋ፦ ጥርሱን ተነቅሎ ቀናት ሙሉ ደም ሲተፋ የሰነበተስ? እንጥሉን ቆርጠውት ሌሊቱን ያለፈ? ምንም ሳይመታው ጉልበቱ በየጊዜው የሚያብጥ ልጅ?

ድሬሰሩ፦ የጉልበቱን አውቀዋለሁ። «ወለምታ ነው» ይሉና ወጌሻ ዘንድ ይወስዱታል። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ያሸዋል። በነጋታው እብጠቱ ይብሳል፣ ልጁ ሰው እንዲነካው አይፈልግም። እንዲህ ሲመላለስ ኖሮ እግሩ እንደታጠፈ ይቀራል።

ባለሙያዋ፦ እሱ ነው ሄሞፊሊያ ማለት። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚፈሰው ደም ነው። ወጌሻው ክፋት የለበትም፤ ግን የሚያሸው የሚደማ ቦታ ነው። ጤና ጣቢያ ቢመጣም ከእኛ እጅ አያመልጥም። ለሕመሙ ተብሎ ዲክሎፌናክ መቀመጫው ላይ ይወጋል፤ የተወጋበት ቦታ ይደማል፤ መድኃኒቱ ራሱም ደሙን ከመርጋት ያዘገያል። አስፕሪን ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ አንዴ የነካው ፕላትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ሳምንት ከዚያም በላይ፣ ሥራ አይሠራም። ፓራሲታሞልና እግሩን ማሳረፍ ይበቃው ነበር።

ድሬሰሩ፦ ስንት ሰው ላይ ነው ይኼ የሚደርሰው? አንድ ሁለት ቤት ከሆነ ይህን ያህል ማውራቱ ምን ይረባል?

ባለሙያዋ፦ ሄሞፊሊያ ኤ የሚባለው ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል፤ ቢ ደግሞ ከ30,000 ገደማ በአንዱ። አገር አይመርጥም። የአገራችንን ወንድ 60 ሚሊዮን ብንለው፣ በኤ ብቻ 12,000 ያህል ሰው ሊኖረን ይገባ ነበር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ክትትል የሚደረግላቸው ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። የቀሩት የት ሄዱ? ብዙዎቹ እርስዎ በጻፉት ስም ተቀብረዋል።

ድሬሰሩ፦ ይኼንን ለእኔ ስትነግሪኝ ቀለል አድርጊው፤ ሌሊት እንቅልፍ እፈልጋለሁ። ለመሆኑ ደሙ ለምንድን ነው የማይረጋው? በእኛ ጊዜ ኮርሱ ላይ «ደም ሲወጣ ይረጋል» ብለው አለፉት።

ባለሙያዋ፦ የደም ሥር ሲቀደድ መጀመሪያ ፕላትሌቶች ቀዳዳው ላይ ይለጠፋሉ። ያ የመጀመሪያው ውጥን ነው፣ ብቻውን አይዘልቅም። ከዚያ ፋክተር የምንላቸው፣ አብዛኞቹ ጉበት ውስጥ የሚሠሩ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሱ ይሄዱና መጨረሻው ላይ ፋይብሪን የሚባል ክር ይወጣል፤ ክሩ ፕላትሌቶቹን አስሮ ይይዛቸዋል። እንደ ደቦ ነው፤ ተራው የደረሰው ሰው ከቀረ ቀጣዩን የሚጠራ የለም። በኤ የሚጎድለው ስምንተኛው ፋክተር ነው፣ በቢ ዘጠነኛው። የሄሞፊሊያ ልጅ ከሌላው ሰው በፍጥነት አይደማም፤ መድማቱን አያቆምም እንጂ። ፕላትሌቱ ደኅና ስለሆነ ትንሿ ጭረት ትዘጋለች። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ጣቱን ሲቆርጠው ደሙ ቆሟል፣ ጤነኛ ነው» ይላል። አደጋው ያለው ጥርስ፣ ግዝረት፣ ጡንቻ፣ መገጣጠሚያና ጭንቅላት ላይ ነው።

ድሬሰሩ፦ ስንት ናቸው እነዚህ ፋክተሮች?

ባለሙያዋ፦ ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት ይቆጠራሉ፤ ስድስተኛው ግን የለም።

ድሬሰሩ፦ ስድስተኛውን ማን በላው?

ባለሙያዋ፦ አዲስ አገኘን ብለው ቁጥር ሰጡት። ኋላ ሲያዩት ያው አምስተኛው ነው፤ ሥራ ሲጀምር መልኩ ይለወጣል እንጂ። ቁጥሩን ሰረዙት፣ ሌሎቹን ግን ባሉበት ተዉአቸው።

ድሬሰሩ፦ የእኛም መሥሪያ ቤት የፋይል ቁጥር እንዲሁ ነበር። በይ ቀጥዪ፤ ለምን ወንዶቹን ብቻ ይይዛል?

ባለሙያዋ፦ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ፋክተር የሚሠሩበት ትእዛዝ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ ምንም እንኳ አንዳንዷ ተሸካሚ ራሷም ብትደማ። ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ነው፤ እሱንም የሚሰጠው እናቱ ናት። ስለዚህ እናት ጤነኛ መስላ ትሸከመዋለች፤ የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ግማሽ በግማሽ ዕድል አለው። የታመመ አባት ለወንድ ልጁ አያወርስም፤ ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ። ሕመሙ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ዘልሎ ብቅ ይላል።

ድሬሰሩ፦ ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ታየኝ። እኛ አገር ሰው ዘሩን ሲቆጥር በአባት በኩል ነው የሚወጣው። ኢሉባቦር ውስጥ ማንኛውንም ሽማግሌ ብትጠይቂ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ጎሳውን ሳይደናቀፍ ይዘረዝርልሻል። የእናቱ እናት ወንድም በምን እንደሞተ ግን ጠይቂው፤ ዝም ይላል። እናቲቱ ከሌላ ጎሳ፣ ከሌላ ወረዳ ተድራ የመጣች ናት። ወንድሞቿ የሞቱት ማዶ ነው። ሕመሙ በእናት ይሄዳል፣ ቆጠራው በአባት። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ላይ አይገናኙም።

ባለሙያዋ፦ ለዚህ ነው ሐኪም «ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «የለም» የሚባለው። ካርዱን ይዞ የቆመው አባትየው ነው፤ የሚመልሰውም እሱ። እሱ አልዋሸም፤ በእሱ ወገን የለም። መጠየቅ ያለባት እናቲቱ ናት፤ ኦሮምኛ የምትናገር ከሆነ በኦሮምኛ፣ ሰው በሌለበት፣ ተቀምጣ። «ወንድሞችሽ ሁሉ አሉ? የሞተ ካለ በምን ሞተ? የእህቶችሽ ወንዶች ልጆችስ?» ይኼ ጥያቄ መብራት አይፈልግ፣ ኬሚካል አይፈልግ።

ድሬሰሩ፦ ጥያቄው ሁሉንም ይይዛል?

ባለሙያዋ፦ አይይዝም። ከሦስቱ አንዱ ያህል ከዘር ሳይወርድ እሱ ላይ አዲስ የሚጀምር ነው። ሁለቱን ቢይዝልን ግን ቀላል ነው እንዴ? ደግሞ ይኼን ጥያቄ ከማንም ላቦራቶሪ በፊት የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ታልሙድ ላይ ተጽፏል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ገሊላ ውስጥ ሴፎሪስ በምትባል ከተማ አራት እህትማማቾች ነበሩ። አንደኛዋ ልጇን አስገረዘች፣ ሞተ። ሁለተኛዋ አስገረዘች፣ ሞተ። ሦስተኛዋም እንዲሁ። አራተኛዋ ልጇን ይዛ ወደ ራባን ሺምዖን ቤን ገምሊኤል መጣች፤ እሳቸውም አታስገርዢው አሏት።

ድሬሰሩ፦ ግዝረት ቃል ኪዳን በሆነበት ሕዝብ መካከል!

ባለሙያዋ፦ አዎ። የሞቱት የአንድ አባት ልጆች አልነበሩም፤ የእህትማማቾች ልጆች ነበሩ። ይህን አስተዋሉ፣ በቃ። በ1803 ፊላደልፊያ ላይ ጆን ኦቶ የሚባል ሐኪም የደሚዎችን ቤተሰብ ታሪክ ጽፎ ወንዶቹ እንደሚደሙ፣ ሴቶቹ እንደሚያስተላልፉ ሲያስረዳ፣ የሴፎሪስ እህትማማቾች ነገር ከተጻፈ ከሺህ ዓመት በላይ አልፎት ነበር።

ድሬሰሩ፦ እኔ የሰማሁት የነገሥታት በሽታ ሲባል ነው። የሩሲያው አልጋ ወራሽ…

ባለሙያዋ፦ አሌክሴ። ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በሴት ልጅዋና በልጅ ልጅዋ በኩል የወረደ ነው። በ2009 ከቤተሰቡ አጥንት ላይ ዘረ መል ተመርምሮ ቢ መሆኑ ታወቀ። እኔ ግን ይህ «የነገሥታት በሽታ» የሚባለው ስም ጎድቶናል እላለሁ። ንጉሥ ሲደማ የሚጽፍለት አለ፤ የዳሪሙ ገበሬ ልጅ ሲደማ የሚጽፍለት የለም። ያን ጊዜ በሽታው የቤተ መንግሥት ይመስላል።

ድሬሰሩ፦ የሴቶቹን ንገሪኝ። ወር አበባዋ አልቆም የሚል ሴት እኔ ዘንድ መጥታ ለእኔ፣ ለወንዱ፣ ሳትናገር «ራሴን ያዞረኛል» ብላ ብቻ የምትሄድ ብዙ ነበረች። የደም ማነስ ጽፌ ብረት እሰጣለሁ።

ባለሙያዋ፦ ለእነሱ የሚሆን ታሪክ ያለው በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባሉት የኦላንድ ደሴቶች ነው። በ1924 አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ኤሪክ ፎን ቪልብራንድ የሚባል ሐኪም ዘንድ ቀረበች። እህቶቿ ደም ፈስሷቸው ሞተው ነበር። ሐኪሙ ሴቶችም ወንዶችም እንደሚደሙ አይቶ ይኼ ሄሞፊሊያ አይደለም አለ፤ የቤተሰቡን ሐረግ በሁለቱም ወገን አስወጥቶ በ1926 ጻፈው። ልጅቷ በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ በአራተኛው የወር አበባዋ ደም ፈስሷት ሞተች። ዛሬ በሐኪሙ ስም የሚጠራው ይህ ሕመም በዘር ከሚወረዱት የመድማት ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ነው። እርስዎ ብረት ከሰጧቸው ሴቶች መካከል ይኼ ያለባቸው አልነበሩም አይባልም።

ድሬሰሩ፦ ነበሩ በይው።

ባለሙያዋ፦ አንድ ሌላ ልጨምር፤ ይኼኛው ገበሬ ነው። በ1933 ክረምት፣ አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ከብቶቹ እየደሙ ያለቁበት አንድ ገበሬ የሞተች ጊደር፣ የወተት ገንቦ ሙሉ የማይረጋ ደምና የሻገተ ድርቆሽ መኪናው ላይ ጭኖ በበረዶ ውሽንፍር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። የሚፈልገው የከብት ሐኪም ቢሮ ተዘግቷል። ክፍት ሆኖ ያገኘው የካርል ሊንክን ላቦራቶሪ ነው፤ ሊንክ የኬሚስትሪ ሰው ነው። ሊንክና ረዳቶቹ ከዚያ ከሻገተው ድርቆሽ ውስጥ ደምን የሚያቀጥነውን ነገር ለማውጣት ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። ከእሱ ዋርፋሪን ተሠራ፤ በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ተሸጠ፤ በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ወሰዱት። ዛሬ እኛም አገር የልብ ቫልቭ የተተካለት ሰው በየቀኑ ይውጠዋል።

ድሬሰሩ፦ ያቺን ጎመን አትብላ የሚባለው እሱ ነው?

ባለሙያዋ፦ አትብላ ሳይሆን መጠኗን አታዛንፍ ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በማገድ ነው፤ ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው። አንድ ሳምንት ጠግቦ፣ አንድ ሳምንት ጭራሽ ትቶ ከሆነ የመድኃኒቱ ልክ ይናጋል። ቫይታሚን ኬን ያገኘው ዴንማርካዊው ሄንሪክ ዳም ነው፤ በ1943 ኖቤል ተሸልሞበታል። አሁን ለሚወለደው ሕፃን ጭኑ ላይ አንድ ሚሊግራም የምንወጋው እሱን ነው፤ ሕፃን ሲወለድ የያዘው ጥቂት ስለሆነ። ያን መርፌ «ምን ያደርጋል» የሚሉ ወላጆች አሉ። አንጎል ውስጥ ደም እንዳይፈስ ያደርጋል።

ድሬሰሩ፦ እንግዲህ ሴፎሪስ፣ ኦላንድ፣ ዊስኮንሲን አልሽኝ። ሁሉም ተራ ሰው አንድ ነገር ይዞ መጥቶ፣ የተቀበለው ሰው ጆሮ ስለሰጠው የተገኘ ነው። የእኛ ሰው ምን አጣ? እሱም ይዞ መጥቶ ነበር። እኛ «ገራዡ አበላሸው» ብለን መለስነው። የእኛን ጥፋት በድህነት አላሳብብም። ወረቀትና እርሳስ ነበረን።

ባለሙያዋ፦ ምርመራው ላይም ቢሆን ጅምሩ ውድ አይደለም። በ1940ዎቹ ቦነስ አይረስ ውስጥ አልፍሬዶ ፓቭሎቭስኪ የሁለት ሄሞፊሊያ ታማሚዎችን ደም ቀላቅሎ ሲያይ፣ ለየብቻ የማይረጋው ደም ሲገናኝ ረጋ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይዞታል ማለት ነው። ኤና ቢ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች መሆናቸው ፍንጩ የታየው እንዲህ ነው። በ1952 እንግሊዞቹ ዘጠነኛው የጎደለውን በታማሚው በስቲቨን ክሪስማስ ስም ጠሩት፤ ክሪስማስ ገና ማለት ስለሆነ፣ ጽሑፉም የታተመው በገና ሳምንት ስለነበር ቀልድ የመሰለው ሰው አልጠፋም። ዛሬም ላቦራቶሪ ውስጥ የምንሠራው ይኼንኑ ነው፤ የታማሚውን ፕላዝማ ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር ደባልቀን ይስተካከል እንደሆነ እናያለን።

ድሬሰሩ፦ ለእባብ የምታደርጉት የብልቃጡ ነገርስ?

ባለሙያዋ፦ እሱ የእኔ ተወዳጅ ነው። ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ሁለት ሚሊ ሊትር ደም ከደም ሥር ይቀዳል። ፕላስቲክ አይሆንም፤ በሳሙና የታጠበም አይሆንም። ሳይነቀነቅ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ 20 ደቂቃ ይቆማል። ከዚያ አንዴ ብቻ ያዘነብሉታል። ደሙ ከፈሰሰ እፉኝቱ መርዙን ሰጥቶታል፣ የመርጊያውን ፋክተር ጨርሶበታል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም መድኃኒቱ ይሰጠዋል። ከረጋ በየስድስት ሰዓቱ ይደገማል። በመተማና በአብዱራፊ በኩል የሰሊጥ ሠራተኛ በብዛት ይነደፋል፤ እዚህ የቡና ለቀማው ወራት ነው። ሄሞፊሊያን ለመለየት ግን ይህ ቱቦ አይታመንም፤ ቀለል ያለውን ያሳልፈዋል።

ድሬሰሩ፦ አሁን እኔ የሚያንገበግበኝን ላንሣ። ልጆቹስ ጥቂት ናቸው። እኔ በየሌሊቱ የምጠራው ለወላድ ነበር። የእንግዴ ልጁ ወጣ፣ ማሕፀኗ አልጨበጠም፣ ደሙ ከአልጋው ሥር ኩሬ ሠራ። ቃሬዛ እስኪመጣ አለቀች። ከዚህ የሚበልጥ የመድማት በሽታ የት አለ? ምርምር፣ ምርምር ትሉኛላችሁ፤ ለእሷ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?

ባለሙያዋ፦ ልክ ብለዋል፤ እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር። በ2000 በተደረገው የአገራችን የሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ 412 ሆነ። ግማሽ ያህል ቀነሰ፤ አሁንም ግን መድማት ከገዳዮቹ ፊት ላይ ነው። ለእሷ የመጣውን ልንገርዎት። የጃፓኗ ኡታኮ ኦካሞቶ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከባሏ ጋር ምርምር ስትጀምር ላቦራቶሪው ባዶ ነበር። ደምን መረጡ፤ እንስሳ መግዣ ቢጠፋ የራሳችንን ደም እንቀዳለን ብለው። ሞግዚት ስላልነበራት ልጇን አዝላ ትሠራ ነበር። በ1962 ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለውን አወጡ። የረጋውን ደም ሰውነት ራሱ መልሶ ያሟሟዋል፤ መድኃኒቱ ያንን ማሟሟት ያዘገየዋል። ለወላዶች ይሞከር ብላ የአገሯን የማሕፀን ሐኪሞች ለመነች፤ ሰሚ አላገኘችም።

ድሬሰሩ፦ ሴት ስለሆነች?

ባለሙያዋ፦ እሱም አይቀርም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው በሚገባ የተሞከረው። በ2017 የታተመው ጥናት 20,060 ወላዶችን በ21 አገሮች፣ በ193 ሆስፒታሎች አካትቷል፤ ከአገሮቹ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ከወለደች በሦስት ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ያገኘችው፣ በመድማት የመሞት ዕድሏ በ31 ከመቶ ቀነሰ። ከሦስት ሰዓት በኋላ የተሰጣት ምንም አልጠቀማትም። ኋላ ሲሰላ ደግሞ በየ15 ደቂቃው መዘግየት ጥቅሙ በአሥር ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታየ። ኦካሞቶ ውጤቱን ሳታይ፣ አንድ ዓመት ሲቀረው በ98 ዓመቷ አረፈች።

ድሬሰሩ፦ ሦስት ሰዓት! አንቺ ልጅ፣ በክረምት ከዲዱ ወይም ከበቾ ወላድ ይዞ መቱ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ? መድኃኒቱ መቱ ሆስፒታል ካቢኔ ውስጥ ከተቀመጠ ለዲዱ ሴት የለም ማለት ነው።

ባለሙያዋ፦ ስለዚህ ጤና ጣቢያው ላይ መኖር አለበት፤ አምቡላንስ ሳይጠራ፣ አንድ ግራም፣ በደም ሥር፣ በአሥር ደቂቃ ቀስ ተብሎ። ደሙ ከ30 ደቂቃ በኋላ ካላቆመ ይደገማል። ፍሪጅ አይፈልግም፤ ኦክሲቶሲን ግን ይፈልጋል፣ መብራት በሄደ ቁጥር የምንሠጋው ለእሱ ነው። ኦክሲቶሲኑን ግን አይተካውም፤ ማሕፀኑን የሚያስጨብጠው ኦክሲቶሲን ነው። ትራኔክሳሚክ አሲዱ በጡንቻ ቢወጋም ቶሎ ደም ውስጥ እንደሚገባ ታውቋል፤ የዚያኑ ያህል ሕይወት ያተርፋል ወይ የሚለው ገና እየተፈተነ ነው። ከተረጋገጠ ደም ሥር ፈልጎ ማጣት ቀረ ማለት ነው። ሌላው ደሙን መለካት ነው። በዓይን የሚገመት ደም ሁልጊዜ ያንሳል። በ2023 በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በተሠራ ጥናት፣ ከወላዷ ሥር መለኪያ ያለው ፕላስቲክ አንጥፈው ገና 500 ሚሊ ሊትር ሲሞላ ሁሉንም ሕክምና በአንድ ላይ ሲጀምሩ፣ ከባድ መድማቱና የሚያስከትለው ጉዳት በ60 ከመቶ ወረደ። መለኪያ ያለው ፕላስቲክ ነው እንግዲህ።

ድሬሰሩ፦ ይኼንን ወደድኩት። ፕላስቲክ ይገኛል።

ባለሙያዋ፦ ያው ትራኔክሳሚክ አሲድ ለሄሞፊሊያው ልጅም ጥርሱ ሲነቀል፣ ለቪልብራንዷ ሴትም በወር አበባዋ ጊዜ ይሆናል። ጤና ጣቢያው ለወላድ ብሎ ካስቀመጠው ሦስቱንም ያገለግላል። እኔ ለሄሞፊሊያ የተለየ ዘመቻ ከማወጅ ይልቅ በወላዷ በር እንግባ የምለው ለዚህ ነው።

ድሬሰሩ፦ በሬዲዮ አንዴ በመርፌ ለዘለቄታው ይድናል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባለሙያዋ፦ የዘረ መል ሕክምና ነው። በ2022 አሜሪካ ለሄሞፊሊያ ቢ የፈቀደችው መድኃኒት ዋጋው ያን ጊዜ ለአንድ ሰው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ድሬሰሩ፦ በዚህ ገንዘብ ስንት ወረዳ ይታከም ነበር! ለእኛ አይደለማ።

ባለሙያዋ፦ ዛሬ አይደለም። ግን ተስፋ አይቁረጡ፤ ኤሚሲዙማብ የሚባል፣ ከ2017 ጀምሮ የተፈቀደ፣ የስምንተኛውን ፋክተር ሥራ የሚተካ መርፌ አለ። ከቆዳ ሥር በሳምንት ወይም በወር አንዴ ይወጋል፤ እናት ቤቷ ልትሰጠው ትችላለች። ይኼንንም ሆነ የጎደለውን የሚተካውን ፋክተር የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ለድሃ አገሮች በእርዳታ ይልካል። ፌዴሬሽኑን በ1963 የመሠረተው ፍራንክ ሽናቤል ራሱ ሄሞፊሊያ ነበረበት። እሱን የገደለው ግን መድማቱ አይደለም፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፋክተሩ ከሺዎች ደም ተቀላቅሎ ሲሠራ ኤች አይ ቪ ገባበት፣ በአሜሪካ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ተያዙ። ለዚህ ነው ደም ባንክ የሚሰጠውን እያንዳንዱን ከረጢት ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ሳይመረምር የማያወጣው። እርዳታው ግን የሚሰጠው ለታወቀ ሰው ነው። ስሙ ያልተመዘገበ ልጅ መድኃኒት አይላክለትም።

ድሬሰሩ፦ ስለዚህ መጀመሪያ ልጁ ይታወቅ። እኔ እግሬ ደክሟል፣ ሰው ግን ይሰማኛል። ገራዦቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከቢላው በፊት እናቲቱን ጠይቁ እላቸዋለሁ። ወጌሾቹንም፤ ያለምት ያበጠ ጉልበት አትሹ፣ ላኩት ብዬ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ደግሞ ለሐኪሞቹ ንገሪ። ለሕዝቡስ ምን እንበለው?

ባለሙያዋ፦ ለሕዝቡ የምለው ይኼ ነው። ከእናቱ ወገን፣ አጎቱም ይሁን የአክስቱ ልጅ፣ ደም አልቆም ብሎት የሞተ ወንድ ያለበት ሕፃን ከመገረዙ በፊት፣ እንጥሉ ከመነካቱና ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ሐኪም ይየው፤ እናቲቱም ይህን ለሐኪሙ ራሷ ትንገረው። መቱ ላይ ጥርጣሬው ከጸና ልጁ ወደ ጂማ ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ይላክ። እስከዚያው አስፕሪን አትስጡት፣ ዲክሎፌናክ አታስወጉት፣ ያበጠውን አታሹት። ነስር ከያዘው ራሱን ወደ ኋላ አታጋድሙት፤ ወደ ፊት አዘንብሎ ይቀመጥ፣ ለስላሳውን የአፍንጫውን ክፍል ጨምቃችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳትለቁ ያዙለት። ዕድሜያችሁ ከ18 በላይ፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆናችሁ ደግሞ በየሦስት ወሩ ደም ለግሱ፤ የተለገሰው ፕላትሌት ከአምስት ቀን በላይ አይቆይም።